ለኩፍኝ ያጎነበስነው እኛ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከዝዋይ ሞጆ፣ ከሞጆ ናዝሬት ስዞር። እግሬ አያርፍም ነበር። በሄድኩበት ሁሉ ግን አንድ ሞኝነት ቀድሞ ይጠብቀኛል፦ ኩፍኝን በስሙ መጥራት ነውር ነው። «እንግዳ» ነው የሚባለው።

ናዝሬት ሳለን ልጄን ኩፍኝ ያዛት። የግቢያችን ትልቅ ሴት ፊቷ ላይ የወጣውን ሽፍታ ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው አጎነበሱለት። ለሽፍታ!

«እንኳን ደህና መጡ» አሉት። ወደኔ ዞረው፦ «መስኮቱን በጨርቅ ድፈኚ። መርፌ እንዳታስቢ፤ ተቀይሞ ወደ ውስጥ ይገባል።»

«አሁን የት ነው ያለው እማማ፣ ደጅ ነው?»

«አንቺ፣ አፍሽን ያዢ!»

ላቦራቶሪ የምትሠራው የልጅ ልጄ በቅርቡ የኩፍኝን ነገር ስታስረዳኝ ሳቅ ገደለኝ። ቫይረሱ ላዩ ላይ ጥርስ መሳይ ነገር አለው አሉ። ሕዋሳችንም ለራሱ ጉዳይ ደጁ ላይ የተከለው መያዣ አለው። ጥርሱ መያዣው ላይ ገጠመ ማለት ገባ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚገባው እነማን ውስጥ መሰላችሁ? በሽታ እንዲከላከሉ የቆሙት ሕዋሳት ውስጥ!

«ዘበኞቹ ራሳቸው?» አልኳት።

«ራሳቸው አያቴ። ተሸክመው ሰውነቱን ሁሉ ያዞሩታል። መጨረሻ ላይ የመተንፈሻ ቧንቧውን ወደሸፈኑት ሕዋሳት ያደርሱታል፤ እነሱ ሌላ ዓይነት መያዣ አላቸው። ከዚያ በሳል ወጥቶ ሌላ ልጅ ፍለጋ ነው።»

የቀበሌያችን ጥበቃዎች ትዝ አሉኝ፤ እነሱም ጠመንጃ ይዘው ማንን ከማን ይጠብቁ እንደነበር እንጃ።

እንግዲህ ሽፍታው ሲታይ ቫይረሱ ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ጨርሷል። እኛ ያን ጊዜ ነው እንኳን ደህና መጡ የምንለው!

በሦስተኛው ቀን ልጄ እንደ ሮጠች ሰው ታለከልክ ጀመር። አዝዬ ስነሣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆሙ።

«ትገድያታለሽ!»

«በእርስዎ አክብሮት ከምትሞት በእኔ ድፍረት ትሙት» ብዬ አልፌ ጋሪ ላይ ወጣሁ።

የክሊኒኩ ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ ጮኸብኝ፦ «እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?»

«እንግዳ አለብን ብዬ...»

«ጠላ ጠምቀሽለታል?» አለኝ። መርፌውን እያዘጋጀ፣ ይሄ ለኩፍኙ አይደለም አለ፤ ኩፍኙ አቅሟን ስለጨረሰው ሳንባዋን ሌላ ሕመም ይዟታል።

በሳምንቱ ትንፋሿ ተመለሰ። ጆሮዋ ግን መግል ይዞ ከረመ። በአሮጊቷ ብቻ ብሳለቅ ውሸታም እሆናለሁ፤ መስኮቱን በእጄ የደፈንኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ያየኋት እኔ ነኝ። ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። በግራዋ በኩል ከሆንኩ ብጣራም አትሰማኝም፤ ዞሬ በቀኟ እቆማለሁ።