ሃምሳ አለቃ የመረጡት ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ወደ ፈረንሳይ ሰፈር በሚወጣው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ከስልካቸው ባነበቡት ወሬ ይሟገቱ ነበር። አንድ የጥበቃ ሰልጣኝ ልምምድ ላይ ሳለ ጠመንጃው ባርቆበት ጓደኛውን አቁስሏል። አንደኛው «የተኮሰው ይጠየቃ!» ይላል። ሌላው «አሰልጣኙስ? እሱ ምን ሊሠራ ነው እዚያ የቆመው?» ይላል። ዝም ብዬ ልሰማ አስቤ ነበር፤ ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ።

ያሳቁኝ ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ናቸው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ኮረዳ ሳለሁ፣ ቀበሌያችን የሰፈሩን ወጣቶች ለሮንድ ጥበቃ መልምሎ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ያሰለጥን ነበር። አሰልጣኛችን እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው እንጨት ለቃሚዎችን ሸክም ያስጥላል። የማይወዱት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጥያቄ። ወሩ የካቲት ስለነበር አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል፤ በኪሳችን የያዝነው የገብስ ቆሎ እንኳ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይላል።

«ነይ አንቺ ቀጭኗ!» ብለው ጠመንጃውን አስያዙኝ። «እዚያች ዛፍ ላይ አልሚና ቃታውን ሳቢ።»

«ጥይት የለውም አይደል፣ ሃምሳ አለቃ?»

«እኔ ባዶ ነው ካልኩ ባዶ ነው!»

ሳብኩት። ጠመንጃው ጮኸ፤ እኔም ዘጭ አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሃምሳ አለቃ ከሁላችንም ቀድመው መሬት ላይ ተኝተዋል። ወዲያው ከቁልቁለቱ የሴት እሪታ ተሰማ። ሰው የገደልኩ መስሎኝ ጠመንጃውን ጥዬ ወደ ጩኸቱ ሮጥኩ።

ስንደርስ የእትዬ አስካለ ጓዳ በጠላ ተጥለቅልቋል። ጥይቱ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ለኪዳነ ምሕረት ዝክር የተጠመቀውን ጋን መትቷል። ዶሮዎቹ አተላውን እየለቀሙ መንገዳገድ ጀምረዋል። ሃምሳ አለቃ አቧራቸውን ሳያራግፉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

«እሷ ናት! ያለ ትእዛዝ ተኮሰች!»

ጓደኞቼ አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ። በዚያ ዘመን በቀበሌ መታሰር ቀልድ አልነበረም፤ ገብቶ ያልወጣ ሰው ሰፈራችን ያውቃል። እናቴ ትዝ አለችኝና አለቀስኩ።

ሽማግሌዎች ነገሩ ቀበሌ ሳይደርስ በእርቅ ይለቅ አሉ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ እትዬ አስካለ እግር ላይ እንድወድቅ ተወሰነ፤ እሳቸው ይቅር ካላሉኝ ግን ወደ ቀበሌ መሄዴ ነው። በማግስቱ ከመንገድ አንዲት ድንጋይ አነሳሁ። ሃምሳ አለቃ «ይቺማ ጠጠር ናት! ድንጋይ እንደ ጥፋቱ ነው» ብለው ከአጥር ሥር አንድ ጥቁር ቋጥኝ አስፈነቀሉና በሁለት ጎረምሳ አሸከሙኝ።

እየተንገዳገድኩ ግቢ ስገባ እትዬ አስካለ ከመደባቸው አልተነሱም።

«ልጄ፣ የተቆጣሁት ለጋኑ አይደለም» አሉኝ። «ጠላውን ቀምሼ ገና ቀና ማለቴ ነበር። ጎንበስ እንዳልኩ ብቆይ ኖሮ ዛሬ የምትሸከሙት ድንጋይ ሳይሆን እኔን ነበር። ማነው ተኩሺ ያለሽ?»

«ሃምሳ አለቃ። ባዶ ነው ብለውኝ…»

ከኋላዬ አንዱ ጓደኛዬ «እኛም ሰምተናል» አለ። ከዚያ ሁሉም አፍ አወጣ።

እትዬ አስካለ አሰልጣኛችንን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «አውርጅው፣ ልጄ። ድንጋዩ የአስተማሪሽ ነው።»

«ኧረ እሜቴ፣ እኔ ወገቤን…»

«እርስዎ አይደሉ የመረጡት?»

ሃምሳ አለቃ ሽማግሌዎቹን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ ሰማዩን ያያሉ። ወጉ ከደጅ ተሸክሞ መግባት ነውና ቋጥኙን ተሸክመው እስከ በሩ ወጥተው፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ ተመልሰው ገቡ። ተደፍተውም «ስለ ኪዳነ ምሕረት ይማሩኝ» አሉ። እትዬ አስካለ «እግዜር ይማርዎ» አሏቸው። ለመነሳት ግን ወገባቸው እምቢ አለ፤ ደግፌ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው ሲሉ አልሰማሁም። ጠመንጃውን ከፍተው ለእያንዳንዳችን «ራስሽ እዪ፣ ራስህ እይ» ይሉ ጀመር፤ ጥያቄ ሲያንስ ሁሉ ይቆጡ ነበር። ቋጥኙ እትዬ አስካለ ደጅ መቀመጫ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው ላይ ሞቱ። በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ስለዚያች ቀና ማለታቸው እግዜርን አመሰግናለሁ።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ ከታክሲው ልጆች አንዱ።

«አሰልጣኙ ወገቡ ደህና ነው?» አልኩት።