የቴሌማርኩ ጫማና የአበባይሽ ጣት

አበባይሽ አምስተርዳም ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ይሠራል ቢሏት አታምንም ነበር። ተራራ በሌለበት አገር! ስሎተርቫርት በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ከምታጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ ግን የሮቢ ነው፤ ሮቢ ጫማ የሚነድፍ፣ ቁመቱ በር የሚነካ ሆላንዳዊ ነው። አንድ ቀን ወለል ስትወለውል እግሯን አየና ቁጥሯን ጠየቃት። ሠላሳ ስምንት ስትለው ሎተሪ የወጣለት መሰለ።

የሚሠራው ቴሌማርክ ለሚባለው የሸርተቴ ዓይነት ነው። በዚህ ሸርተቴ ተረከዝ አይታሰርም፤ ተንሸራታቹ በዞረ ቁጥር አንድ ጉልበቱን ወደ በረዶው ዝቅ ያደርጋል፣ ጫማውም ጣቶቹ ሥር አብሮ ይታጠፋል። ሮቢ እንደሚለው እስካሁን ለሴት የሚሸጥላት የወንድ ጫማ አንሶ ነው። እሱ ግን ከሴት እግር ተነሥቼ፣ ከጉሎ ዘይት በሚወጣ ቀላል ፕላስቲክ፣ የነገውን ጫማ እሠራለሁ ብሎ ሦስት ዓመት ደክሟል። የቀረው የመጀመሪያውን ናሙና፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥሩን፣ አጥልቆ የሚንበረከክ ሰው ነበር። በስግደት ላደገች ሴት ይሄ ምኗ ነው? ጽዳቷን ስትጨርስ ጫማውን ታጠልቅና ሁለት መቶ ጊዜ ትንበረከካለች።

"ያምሻል? እውነቱን ንገሪኝ" ይላታል ሮቢ ሁልጊዜ።

"ኹት፣ ኹት፤ ደህና ነው" ትለዋለች በሆላንድኛ።

ደህና አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጫማው ትንሿን የእግር ጣቷን ይነክሳት ነበር። ግን ሰው የልፋቱን ፍሬ እየሳቀ ሲያሳይሽ፣ ሻይ በገዛ እጁ አፍልቶ ሲያቀርብልሽ፣ በምን ዓይንሽ አይተሽው ያማል ትያለሽ? ይሉኝታ ያዛት። ጣቷን በፕላስተር እየጠቀለለች መንበርከኳን ቀጠለች። ሮቢም በቃሏ ተማምኖ ፕላስቲኩ የሚፈስበትን የብረት ቅርጽ አስቆረጠ። ብረት አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ትንሽ ላስፋህ ቢሉት አይሰማም።

በጥር ጫማው ተራራ ላይ ለሚሞክሩት አራት ሴቶች ተላከ። በሳምንቱ አበባይሽ ስትገባ ሮቢን ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጦ አገኘችው። የአራቱም ትንሽ ጣት ደምቷል።

"አጠላለቁን አላወቁበትም" አላት። "አንቺ ዓመት ሙሉ ተንበርክከሽበት አንድም ቀን አላመመሽም። ጥፋቱ የእናንተ ነው ብዬ ነገ እጽፍላቸዋለሁ፤ የአንቺንም ምስክርነት እጨምራለሁ።"

ፊቷ እሳት ሆነ። ወደምትኖርበት ወደ ዲመን ስትመለስ ለጓደኛዋ ለየትነበርሽ ደውላ ጉዷን ዘረገፈችው።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" አለቻት የትነበርሽ። "ማን ያውቅብሻል?"

ማንም አያውቅባትም፤ ይበልጥ ያሳፈራትም ይኸው ነው። የአራት ሴቶች ሕመም በእሷ ቃል ሊካድ ነው። አሁንስ ይሉኝታ አይባልም፣ በሐሰት መመስከር ነው። በማግስቱ ሮቢ ደብዳቤውን ሳይልክ ደረሰችና ካልሲዋን አወለቀች። የትንሿ ጣቷ ጥፍር ጠቁሮ ግማሹ ረግፏል።

"ከመቼ ጀምሮ?" አላት።

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ ለምን?"

ይሉኝታን በሆላንድኛ ምን ይሉታል? ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። "ደስ ብሎህ ነበር" አለችው፤ ለራሷ ጆሮ እንኳ የሞኝ ወሬ መሰላት። ሮቢ አልተቆጣም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ! ደብዳቤውን አጠፋ፣ ለሴቶቹ ይቅርታ ጻፈ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንደገና እንጀምራለን" አላት።

ከሁለት ወር በኋላ አዲሱን ሰፊ ጫማ አጥልቃ አሥር ጊዜ እንኳ ሳትንበረከክ ቀጥ ብላ ቆመች። ማንም ሳይጠይቃት "እዚህ ጋ ያማል" አለች። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣላት፤ ደስም አላት።

"ቆይ" አላት ሮቢ። እግሯ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ፈታ፣ ካልሲዋን አወለቀ፣ ጣቷን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ትክ ብሎ አየ። ቀልቷል። "እውነት ነው" አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አበባይሽ ቃሏ ብቻውን እንዳልበቃው ሲገባት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።