የጎጎ ኖምሳን ደብዳቤ ይዘን እስከ ጦር ሰፈሩ በር

ቅዳሜ ጠዋት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደቡብ አፍሪካ ቴምቢሳ ያለችውን ስፓዛዬን፣ ትንሿን የሰፈር ሱቄን፣ ለአጎቴ ልጅ ለተሻለ አስረክቤ ወጣሁ። የምሄደው ከፕሪቶሪያ ወዲያ ወዳለ የጦር ሰፈር ነው።

«ኑክሌር ልትቃወም?» አለኝ ተሻለ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ። «ኧረ በጌታ! መጀመሪያ ወረቀትህን አሳድስ!»

እውነቱን ነው። የጥገኝነት ወረቀቴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ግን የጠሩኝ ጎጎ ኖምሳ ናቸው። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ከሱቄ ፊት ለፊት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ባለፈው ዓመት የሰፈሩ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ ወንበር አምጥተው ሱቄ በር ላይ ተቀመጡና «መጀመሪያ እኔን አንሱ!» አሉ። ማንም አልደፈራቸውም። እኚህ ሴት «ጉልበቴን አሞኛል፣ ክንዴን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ሲሉ እንዴት እምቢ ይባላል?

ታክሲ ውስጥ

ጎጎና አምስት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች፣ እኔ ሰባተኛ ሆኜ፣ ታክሲ ተራው ላይ ትኩስ ማጉዊኛ አቻር በሚሉት የማንጎ ዳጣ በላን። ማጉዊኛ የኛ ቦምቦሊኖ ወንድም ነው፤ አቻሩ ግን አፍ ያቃጥላል። እስከ ፕሪቶሪያ ለአንድ ሰው አርባ ራንድ ከፍለን ሚኒባሱ ውስጥ ተጠቀጠቅን። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን ከከተማው ስንወጣ ሜዳው ሁሉ ዝናብ በማያውቀው የዚህ አገር ክረምት ብርድ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንድ ቦታ ተቃጥሎ ጠቁሯል።

ጎጎ ነገሩን በመንገድ ላይ አስረዱኝ። አገራቸው ድሮ የሠራችውን የኑክሌር ቦምብ በገዛ እጇ አፍርሳለች። እሳቸው የሚፈሩት ቦምቡ በእንግዳ እጅ እንዳይመለስ ነው። ለልምምድ የሚመጣ የውጭ አውሮፕላን ኑክሌር ጭኖ እዚህ እንዳያርፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለዘጠኝ ዓመት ወደዚያ በር አመላልሰዋል። አንድም ቀን ፈርሞ የተቀበላቸው የለም። ዘንድሮ ግን አንድ ሻለቃ በስልክ «ወጥቼ ፈርሜ እቀበላለሁ» ብሏቸዋል።

«ጉልበቴ ለዘንድሮ ነው እንጂ ለከርሞ አይሆንም» አሉኝ። «ዛሬ ካልተቀበሉኝ በቃ፣ ቀረ ማለት ነው።»

በሩ ላይ

አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ጠባቂዎቹ ወታደሮች ሕጉን ነገሩን፦ ከነጭ መስመሩ ወዲህ መቆም፣ ሻለቃው እስኪመጣ በበሩ ምንም ነገር አለማቀበል። ሴቶቹ በዙሉ ዝማሬ ጀመሩ። ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ሆሳዕና ከተማ ያለችውን አጥቢያችንን አስታወሰኝና እንባዬ መጣ።

ክረምት ቢሆንም ቀትር ሲቃረብ ፀሐይዋ ከረረች። ከፍርግርግ ብረቱ ወዲያ አንድ ወጣት ወታደር ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አሳዘነኝ። እንግዲህ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በሱቄ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ዳቦ፣ ሲጋራ፣ የስልክ ካርድ ሳቀብል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም። ከቦርሳዬ ቀዝቃዛ ኮላ አወጣሁና መስመሩን አልፌ በብረቱ መሃል ሰደድኩለት።

ጉድ ፈላ! «ወደ ኋላ! ጣለው!» ብሎ ጮኸ። ጣሳው ወድቆ ፈነዳ። ሌሎች ወታደሮች እየሮጡ መጡ፣ ዝማሬው ተቋረጠ። አለቃቸው አንድ አምሳ አለቃ «በቃ፣ የዛሬው አብቅቷል፣ ሂዱ!» አለን።

ጎጎ ደብዳቤውን ወደ ቦርሳቸው መመለስ ጀመሩ። ምነው በሰደቡኝ! የዘጠኝ ዓመት ልፋታቸውን በአንድ ጣሳ ኮላ ገደል ከተትኩት።

«አንተ ማነህ? መታወቂያ!» አለኝ አምሳ አለቃው። ልቤ ሩጥ ሩጥ አለኝ። ግን የጎጎን ክንድ ለቅቄ የት እሄዳለሁ? ያቺን የተጨማደደች ወረቀቴን አወጣሁና ሰጠሁት።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው የሉበትም። ባለ ስፓዛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ይኼው ነው፤ ብረት ሳይ እጄ ዕቃ ያቀብላል።»

ወጣቱ ወታደር ቀድሞ ፈገግ አለ። «እውነቱን ነው፣ እኛ ሰፈርም እንደዚህ ነው የሚሸጡት» አለ። አምሳ አለቃው ጣሳውን አየ፣ ወረቀቴን አየ፣ ከዚያ እሱም ሳቁ አመለጠው። ወረቀቴን መለሰልኝና ሬዲዮኑን አንስቶ ሻለቃውን ጠራ። እግዚአብሔር ይስጠው!

ሻለቃው ሲወጣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ጎጎን ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፣ ደብዳቤውን ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመ። መልስ አልሰጠም፤ ለበላይ አስተላልፋለሁ ነው ያለው። ጎጎ ፊርማውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል!

ቴምቢሳ

አስር ሰዓት ላይ ተመለስን። ተሻለ ሲያየኝ «ተመስገን!» ብሎ ጮኸ።

ወደዚህ አገር ስመጣ ሁሉም የመከረኝ «በሰው አገር አንገትህን ደፍተህ ኑር» ብሎ ነው። ምክሩን አልንቅም፣ አክርሞኛል። ግን በዚህች በአንድ ቀን መንገድ የተማርኩት፣ እስከ ዛሬ በሰላም የኖርኩት አንገቷን ያልደፋች ጎረቤት ስላለችኝ መሆኑን ነው።

ጎጎን እስከ በራቸው ሸኘኋቸው። ቅጂውን ከቦርሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ከርሞ አንተ ነህ የምትወስደው» አሉኝ።

«ወረቀቴ ከታደሰ፣ ጎጎ።»

«ባይታደስስ?»

ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ።

«ባይታደስም» አልኳቸው።