ታመነ ያጠፋው ፍለጋ

ታመነ በሳዑዲ አረቢያዋ ደማም ከተማ፣ አል ጀለዊያ ሰፈር ዳር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራው ማለቂያ የለውም፤ የዶክተሮቹ ስክሪን ሲጨልም፣ የካሸሯ ማተሚያ ወረቀት ሲበላ፣ የላብራቶሪው ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚጠራው እሱ ነው። ከደብረ ታቦር ወጥቶ ባሕር ዳር የተማረ፣ አርባን የተሻገረ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ናቸው፤ እሱ አል ባዲያ ሰፈር ውስጥ ከሁለት ሱዳናውያን ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። በክሊኒኩ ከእሱ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ስለሌለ፣ አንዲት ሐበሻ መጥታ ከሐኪሙ ጋር መግባባት ሲያቅታት "ታመነን ጥሩት" ይባላል። የያዘውን ጥሎ ወርዶ ያስተረጉማል። ማንም ሳያዘው በደስታ የሚሠራው ሥራ ይህ ብቻ ነበር።

በብርዱ ወራት የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ታመመ። እዚያ የምትቀመጠው ራውዳ የምትባል ሳዑዲያዊት ወጣት ናት፤ ደውላ "ሙሽኪላ፣ ችግር አለ፤ ማሽኑ ያጓራል፤ አንድ ስም ልጽፍ ቡና ይቀዘቅዛል" አለችው። ወረደ። ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ጩኸቱ ረገብ አለና ማሽኑ እንደ ጤነኛ ሆነ። "አየህ፣ አንተን ይፈራል" ብላ ሳቀች። ወደ ፎቅ ሲመለስ እንደገና ደወለች።

በሦስተኛው ቀን ገባው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና "ዛሬ ሁለታችንም አንነካውም" አላት። እጃቸውን አጣጥፈው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ ማራገቢያው ቀስ በቀስ ተነሣ፤ ከዚያ ጮኸ። ታመነ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ቀድሞ ከፍቶ ስለነበር ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው በዓይኑ አየ፤ የፍለጋ ማውጫውን የሚሠራው ፕሮግራም ነበር።

ይህ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ያለውን ፋይል ሁሉ ከፍቶ እያነበበ የትኛው ቃል የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ ይመዘግባል። ሰው በፍለጋው ሳጥን አንድ ስም ሲጽፍ ውስጡ ያ ስም ያለበት ፋይል ወዲያው የሚመጣው በእሱ ድካም ነው። ባለቤቱ ሲሠራ ፈቀቅ ይላል፤ ባለቤቱ ሲያርፍ ይነሣል። ጤነኛ ሲሆን አንዴ አንብቦ ይጨርሳል። ይሄኛው ግን አይጨርስም፤ አንድ ቦታ ይደርስና ይወድቃል፣ ተነሥቶ ደግሞ ከመጀመሪያው ያነባል።

ታመነ የቻለውን አደረገ። ማውጫውን ደምስሶ እንደ አዲስ አስጀመረው፤ አንድ ቀን ደኅና ውሎ አገረሸበት። ዲስኩን መረመረ፤ ቫይረስም ፈለገ፤ የለም። ቀጥሎ የቀረው ፎልደሮቹን አንድ በአንድ እያስገቡ የትኛው ፋይል ላይ እንደሚወድቅ መለየት ነው። ለዚህ ማሽኑን ግማሽ ቀን መያዝ ነበረበት። ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሙዐዝ ገባ።

"የእንግዳ መቀበያውን ማሽን ግማሽ ቀን?" አለ ሙዐዝ ከስልኩ ቀና ሳይል። "በሽተኛውን ማን ሊመዘግብልኝ ነው? ያ ፕሮግራም ባይኖር ኮምፒውተሩ ይሞታል?"

"አይሞትም። ፍለጋው ይዘገይ ይሆናል እንጂ።"

"እንግዲያው ዝጋውና ኸላስ።"

ዘጋው። ማሽኑ ጸጥ አለ። የፍለጋው ሳጥን እንደ ወትሮው በቦታው አለ፤ ሲጽፉበትም መልስ ይሰጣል። ራውዳ "አላህ ጤና ይስጥህ" አለችው፤ እሱም በልቡ ሲመቸኝ ተመልሼ በወጉ አየዋለሁ እያለ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። በዚያ ሳጥን ምን እንደምትፈልግበት አልጠየቃትም። ከዚያ ረመዷን ገባ፣ ዒድ አለፈ፣ ሙቀቱ መጣ፤ የላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሰርቨሩን ሊያቃጥለው ሆነ፤ የራውዳ ማሽን ካልጮኸ ማን ያስታውሰዋል?

ሐጅ ባለፈ ሰሞን ከታች ተጠራ። ዶክተር ዲና የምትባል፣ በቅርቡ ከካይሮ የመጣች ቀዶ ሐኪም ክፍሏ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት አስቀምጣለች። ሴትዮዋ ሸፊቃ ትባላለች፤ የወሎ፣ የሐይቅ ልጅ ናት፤ በአጎራባቹ ኾበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር፣ በአንድ ቪላ የቤት ሠራተኛ ናት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ጥቁር አባያዋን እስከ አገጯ ሰብስባ ይዛለች። ማዳሟ በር ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች።

"ወንድሜ፣ አማርኛ ካገኘሁማ አልሐምዱሊላህ" አለች ሸፊቃ ስታየው።

ታመነ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ስለ ሴት ገላ በወንድ አፍ ሲነገር እንደሚከብዳት ያውቃል። እሷም "እዚህ ጋ" ብላ በእጇ ወደ ጡቷ ከማመልከት ሌላ ስሙን አልጠራችውም። ከረመዷን በፊት እብጠቱ ትንሽ ነበር፤ ያኔ የነበረው ሐኪም በመርፌ ናሙና ወስዶ ለምርመራ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ላከው። ያ ሐኪም ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። እሷ ውጤቷን ልትጠይቅ በረመዷን መጣች፣ ከዒድ በኋላም መጣች፤ እንግዳ መቀበያው ሁለቴም "ማፊ፣ የለም" አላት። ማዳሟ "ክፉ ቢሆን ይደውሉ ነበር" አለቻት፤ እሷም እውነት መሰላት። አሁን ክንዷን ማንሣት አቅቷታል።

ዶክተር ዲና በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። ካንሰር ነው። ወደ ብብቷ ወርዷል፤ ምናልባትም ከዚያ አልፏል። ታመነ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለሰው። ሸፊቃ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች። ከዚያ ጠየቀች፦

"ቀደም ቢባል ኖሮ ይሻል ነበር ወይ በልልኝ።"

አስተረጎመላት። ሐኪሟ መልሱን ለእሱ ነው የሰጠችው፤ በሽተኛዋ እንደማትሰማት ታውቃለች። "ውጤቱ ከረመዷን በፊት መጥቷል። ሐኪሙ ወደ ላከበት ላብራቶሪ ብጽፍ ልከናል አሉኝ። ራውዳ ፎልደሩን በቀን ቅደም ተከተል ስታገላብጥ አገኘችው፤ እዚሁ ነበር። ላብራቶሪው የፋይሉን ስም በቁጥር ብቻ ነው የሚሰይመው። ራውዳ ሁልጊዜ የበሽተኛውን ስም ወይም የኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ቁጥር ሳጥኑ ላይ ጽፋ ነው የምታገኘው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ፍለጋው 'የለም' ሲላት ውጤቱ ገና ያልመጣ ይመስላት ነበር።"

ፍለጋው አልዘገየም፤ ታውሯል። ማውጫው ሲዘጋ የፋይሉን ስም ብቻ ያያል፤ ውስጡን ማንበብ ትቷል። ታመነ ይህን ያውቃል፤ ማንም ቢጠይቀው ይመልሰው ነበር። የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም።

"ምን አለች?" አለች ሸፊቃ።

"ይሻል ነበር አለች" አለ። የቀረውን ዋጠው።

በዚያው ቀን ሙዐዝ ዘንድ ገባና ነገረው። ሙዐዝ በሩን ዘጋ። "ሐኪሙ ሄዷል፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ውጤቱን ሳይከታተል ነው የሄደው" አለ። "አንተ ያዘዝኩህን ነው ያደረግኸው። መልሰህ ክፈተው፤ ምንም አትጻፍ።"

ታመነ ማሽኑን ያዘ፤ ያን ቀን የከለከለው የለም። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ አስገባ። ራውዳ በእስክሪብቶ በሽተኛ እየመዘገበች አጠገቡ ሆና ታለቅሳለች። ከሰዓት በኋላ አገኘው። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ስካን አድርጎ እዚያ የጣለው የኢንሹራንስ ሰነድ ነው፤ ግማሹ የተበላሸ፣ ማንም የማይከፍተው። ማውጫ ሠሪው በደረሰበት ቁጥር የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። ከፎልደሩ አወጣው። ማሽኑ አንብቦ ጨረሰና ጸጥ አለ፤ በውነት ጸጥ አለ። ታመነ "ሸፊቃ" ብሎ ጻፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ወረቀቷ መጣ።

ከራውዳ ጋር ሆነው በእነዚያ ወራት የመጡትን ውጤቶች ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ከፈቱ። የሚበዙት ደኅና ነበሩ። አንድ የባንግላዴሽ ሾፌር የሳንባ ውጤት ሳይነገረው ቀርቷል። ደወሉለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። አሠሪውን፣ ካፊሉን፣ ሲጠይቁ "በኹሩጅ ወጥቶ አገሩ ገብቷል" አለ።

የሸፊቃም ካፊል ያንኑ መረጠ። እዚህ ከማሳከም ይልቅ የመውጫ ቪዛዋን፣ ኹሩጁን፣ አስመትቶ ሊሸኛት ወሰነ። ታመነ አገር ቤት ያለው ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር ብሎ ወረቀቶቿን ሁሉ አትሞ፣ የምርመራ ምስሎቿንም በፍላሽ ገልብጦ አል ራዋቢ ድረስ ሄደ። ማዳሟ ግቢው በር ላይ እንዲያነጋግራት ፈቀደች፤ ራሷም ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

"አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አላት። "ወረቀትሽ ከረመዷን በፊት መጥቶ ነበር። ያልተገኘው እኔ በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ስለዘጋሁ ነው። ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።"

ሸፊቃ ወረቀቶቹ ያሉበትን ፖስታ በደኅናው እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከግቢው ውስጥ አንድ ሕፃን "ሸፊቃ፣ ተዓሊ" እያለ ይጠራታል። "ጃየ፣ ሐቢቢ" ብላ እንደምትመጣ መለሰችለት፤ ከዚያ ወደ ታመነ ዞረች።

"ለምን ነገርከኝ?"

ታመነ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ፖስታው ላይ አኖረላት።

"እኔ እኮ ሁለቴ ማፊ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩ" አለች። "ፈርቼ ነበር። ፈልጉልኝ ብዬ አልተሟገትኩም። አሁን አንተንም በልቤ ይዤ ልሂድ? ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። ሂድ ወንድሜ፣ ሥራህ ይጠብቅሃል።"

ይቅር ማለቷ ይሁን ማሰናበቷ ዛሬም ድረስ አልለየለትም።

አገር ከገባች በኋላ በሰጠችው የእህቷ ስልክ አልፎ አልፎ ይደውላል። እህቷ ዓቢዳ ደሴ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ተኝታለች አለችው፤ ቀጥሎ ለጨረር አዲስ አበባ ሄደው ወረፋ ላይ ናቸው፤ ቀጥሎ ወረፋው ሳይደርስ ወደ ሐይቅ መልሰናታል። አንድ ቀን በሥራ ሰዓት፣ ላብራቶሪው ውስጥ ገመድ እያሰረ ሳለ ዓቢዳ ራሷ ደወለች።

"ጁምዓ ለት ቀበርናት" አለች። ድምጿ የደከመ ነው፤ ልቅሶው ያለቀ። "ስላንተ ስትነግረን ነበር። ወረቀቴን ፈልጎ ያገኘልኝ ሰው ነው ትል ነበር። አላህ ይስጥህ።"

ታመነ አፉን ከፈተ። "ዓቢዳ፣ እንደሱ አይደለም..." አለና ቆመ። በዚያ በኩል ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ "አላህ ይማራት" ይላል። ሸፊቃ ይህን ቃል ለቤተሰቧ ስትተው አስባበት ነው ወይስ እውነቱን ለመናገር ደክሟት? አሁን ማንን ይጠይቃል?

"ሌላ ወረቀት ቀርቷል እንዴ እዚያ?" አለች ዓቢዳ።

"አልቀረም" አለ። "ሁሉንም ይዛው መጥታለች።"