«አጥፍቻለሁ» ያላለው ወንድሜ

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ከቁስቋም ቤታችን ስንወጣ ወንድሜ አስናቀ ጎንበስ ብሎ ጫማውን በመሃረብ ጠረገና፣ «ዛሬ ጸሐፊዬ አንተ ነህ፤ ቦርሳዬን ያዝ» አለኝ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ እሱ ጠበቃ። ቦርሳው ውስጥ ወፍራም የሕግ መጽሐፍና አንድ ብርቱካን ነበር። ብርቱካኑ የእኔ ደመወዝ ነው።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደ እኔ ሱዳን ለተሻገራችሁትም ነው። አጻጻፌ ቢንተባተብ ታገሡኝ። 

የሄድነው ከተማው ዳር ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። አያ ፈንቴ የሚባሉ የጠዳ ገበሬ እህል ጭነው ገበያ መጥተው ሲመለሱ፣ የሌላ ሰው አህያ ከእሳቸው አህዮች ጋር ተቀላቅላ ስትሄድ ተይዘው ነው። ሚስታቸው እናታችን ዘንድ መጥተው አልቅሰው ነበር። ስንደርስ መርማሪው አምሳ አለቃ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል። አያ ፈንቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ሊያሳርፉ ነው።

«አያ ፈንቴ፣ ጣትዎን ያንሱ!» አለ ወንድሜ ገና ከበሩ።

«ምነው ልጄ?»

«ወረቀቱ ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«እኔ እንጃ። እኔ አጥፍቻለሁ አልሁ፤ እሳቸውም ጻፉ።»

«አህያዋን ሰርቀዋል?»

«ኧረ በማርያም! እኔ አህያ ልስረቅ? የእኔዎቹ ናቸው እንጂ ያባበሏት!»

አምሳ አለቃው ሳይቀር ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም።

«ታዲያ ለምን አጥፍቻለሁ አሉ?»

«ምን ልበል? ባለሥልጣን ተቆጥቶ ሲጠይቀኝ አላጠፋሁም እያልሁ ልከራከር? ባለጌ ነኝ?»

የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቀዋል። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው እውነቱ የእሱ ቢሆን እንኳ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ይጀምራል። ያኛውም ልቡ ይራራና «እኔም አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ተሳስመው ይለያያሉ። አያ ፈንቴም ፖሊስ ጣቢያውን የሽማግሌ ዛፍ ጥላ አድርገውት ነው።

ወንድሜ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ፣ ለሽማግሌ እንዲያ ማለትዎ ሸጋ ነው፤ ሽማግሌው ሊያስታርቅዎ ነው የተቀመጠው። እኒህ ግን የሚጽፉት ለዳኛ ነው። ዳኛው ጨዋነትዎን አያየውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ደግሞ ሌባ ነኝ ይላል» አላቸው። ከዚያ ወደ አምሳ አለቃው ዞረ። «ቃል ለመስጠት እንደማይገደዱ ነግረዋቸዋል? የሚሰጡት ቃል ማስረጃ ሆኖ እንደሚቀርብባቸውስ?»

«አይ ጠበቃ! አንተ በመጣህ ቁጥር ሻዬ ይቀዘቅዛል» አለ አምሳ አለቃው።

«ዝም ማለትም ይቻላል?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ይቻላል።»

«ለመንግሥት?»

«ለመንግሥትም። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥም ዳኛ ፊት ሊያቀርቡዎት ይገባል። ዳኛው ሲጠይቅዎ የሆነውን ብቻ ይናገራሉ።»

«እንዲህ ያለ ሕግ እያለ ነው ሚስቴን ስፈራ የኖርሁት?»

ያ ወረቀት ተቀደደ። ሌላ ተጻፈ፤ ወንድሜ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ አያ ፈንቴ እያንዳንዱን ቃል በጭንቅላታቸው እየተቀበሉ ሰሙና ከዚያ በኋላ ነው ጣታቸውን ያሳረፉት። የአባቴ ወዳጅ አያ ሰይድ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱት፣ ዋስ ሆኑላቸው። ቁስቋም ዳገቱን ስንወጣ ብርቱካኑን ላጥሁ፤ ግማሹን ለእሱ ሰጠሁት። «ደመወዝህን ለአሠሪህ አታካፍል» አለኝና በላው። እኔ ያን ቀን፣ የዓለምን በር የሚከፍት ሰው ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው ብዬ አምኛለሁ።

አብዮቱ ከመጣ በኋላም ለጠፋች አህያ የቀድሞው ሕግ ገና ይሠራ ነበር። እንደ ወንድሜ ላለው ሰው ግን አልሠራም። የታሰሩ ተማሪዎች እናቶች «ልጆቻችን የት ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ ማመልከቻ ይጽፍላቸው ነበር። እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ። አንደኛው የሰፈራችን ልጅ ነው።

«በምን ተጠርጥሬ ነው?» አለ ወንድሜ።

«ስትደርስ ይነገርሃል።»

«ማዘዣውን አሳየኝ።»

ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሼ አስናቀ፣ እባክህ አታስጨንቀኝ፤ ቢኖረኝም ማንበብ አልችልም» አለ።

ወንድሜ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና አብሮት ሄደ። ጫማውን ሳይጠርግ የወጣበት ቀን ያ ብቻ ነው።

በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። የታሰሩት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ እኛ ቤተሰቦቻቸው ከኋላ። ሊቀ መንበሩ፣ በሰፊው ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ አድርጎ «አጥፍቻለሁ» ያለና የፈረመ ቤቱ ይገባል አለ። አንዳንዱ «አጥፍቻለሁ» ብሎ ፈረመ። የወንድሜ ተራ ደረሰ።

«ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«ጥፋትህን የምታውቀው አንተ ነህ!»

«እኔማ የማውቀው የለኝም። እናንተ የምታውቁት ካለ ክሱን ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ፍርድ ቤት አቅርቡኝ፤ እዚያ እመልሳለሁ።»

እናቴ ከመሃላችን ወጥታ ተንበረከከች። «አስንዬ፣ አንዲት ቃል ናት። በላት፣ ልጄ። ለእኔ ስትል በላት።»

ፊቱ ተለወጠ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እማዬ፣ ተነሽ፤ ለአንቺ ሺህ ጊዜ እላታለሁ። ለእነሱ ግን አልፈርምም፤ ነገ ያችኑ ያነቡብኛል» አላት።  እኔ በልቤ፣ ይህ ወንድሜ ነው፣ ይህ የእኔ ወንድም ነው እያልሁ ነበር።

በየቀኑ ምሳ አደርስለት ነበር። አብረውት ከታሰሩት የተፈቱ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ እዚያም ሆኖ ማንበብ የማይችሉትን «ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ» ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ሰሃኑን ሳይቀበለኝ፣ «ከእንግዲህ አታምጣ» አለኝ። የወንድሜን ጫማ ሰጠኝ።

ስለዚያ ቀን ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልችልም።

ብዙም ሳይቆይ የእኔንም ስም እየጠሩ ነው ተባለ። አያ ሰይድ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር አስማምተው ሳንጃ አደረሱኝ። ከቤት ጎህ ሲቀድ ስወጣ እናቴ ሳትጮህ ነው የሸኘችኝ፤ መጮህ ክልክል ነበር። ከሳንጃ በታች ያለው ሙቀት ይገርማችኋል። ቁስቋም ጠዋት ጋቢ ለብሰን እሳት ለምንሞቀው ሰዎች፣ እዚያ ጥላም ያቃጥላል። የወንድሜን ጫማ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በበረባሶ ተጓዝሁ። ድንበሩ ይህ ነው ሲሉኝ አላመንሁም፤ ሣሩም ያው፣ ዛፉም ያው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ደረስሁ። ምግባቸው ፉል ነው፤ ባቄላው የእኛው ባቄላ ሆኖ ሳለ ሆድ ውስጥ ሲገባ ባዕድ ይሆናል። ሰዎቹ ግን ደግ ናቸው፤ በጾማቸው ወር ማታ ላይ መንገደኛውን እጁን ጎትተው ማዕድ ላይ ያስቀምጡታል፤ ይህን ሳይ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። ቤት ያከራየኝ፣ አማርኛ የሚሰባብር ሽማግሌ ግን ሌላ ነው። አራት ግድግዳ አሳየኝ።

«ጣሪያው የታል?»

«አሁን ምን ያደርግልሃል? ዝናብ ሲመጣ እንነጋገራለን።»

«ዝናቡ ሲመጣስ?»

«ያን ጊዜ ጣሪያ ያለው ቤት ይወደዳል።»

የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ። አንድ ቀን አንድ ጆንያ ጎደለና ሐበሻው እኔ ስለሆንሁ እኔ ተያዝሁ። ሻዊሹ፣ ማለት አምሳ አለቃው፣ ወረቀት ዘረጋ። ጽሑፉ በዐረብኛ ነው፤ ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው። የመጋዘኑ አለቃ በተሰባበረ አማርኛ በጆሮዬ፣ «‹ማዕሌሽ› በልና ፈርም፤ ይለቁሃል» አለኝ። ማዕሌሽ ይቅርታ እንደማለት ነው። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ቃሏ አፌን ሞልታው ነበር። ያን ጊዜ አያ ፈንቴ ጥቁር ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው ታዩኝ።

«ሙተርጂም» አልሁ። አስተርጓሚ ማለቴ ነው።

«ለአንድ ጆንያ ሙተርጂም?» አለ ሻዊሹ።

«ለአንድ አህያም ቢሆን» አልሁ በአማርኛ። ማን ይስማኝ።

ቢጮህብኝ አይገርመኝም ነበር። እሱ ግን ብዙ አየኝና ከበሩ ውጪ ሻይ የምትሸጠውን የአገራችንን ሴት አስጠራት። እታለም ትባላለች፤ የሁመራ ሰው ናት። እኔ አንድ ቃል ስናገር እሷ አሥር ትናገራለች።

«ምን አልሻቸው?» አልኋት።

«አልሰረቅሁም ይላል፣ በምን እንደጠረጠራችሁት ንገሩት፣ ያልተነበበለትን አይፈርምም ብያለሁ። የድሀ ልጅ ይዛችሁ ስትቀልዱ አታፍሩም የምትለዋ ደግሞ የእኔ ናት።»

ወረቀቱ ተነበበልኝ። ሰረቅሁ ይል ነበር። አልፈረምሁም። አሳደሩኝ፤ በማግስቱ ጆንያው ሌላ መጋዘን ተገኘ። ሻዊሹ ሲለቀኝ ሻይ አስቀዳልኝና እንዲህ መጠየቅን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀ። «ወንድሜ» አልሁ። የት እንዳለ ሲጠይቅ የሻዩን ብርጭቆ መሬት አስቀመጥሁ። እታለም ገብቷት የሆነ አጭር ነገር አለችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አላህ ይርሐሙ» አለ፤ ነፍስ ይማር ማለት ነው። በአገሬ ለወንድሜ እንዲህ ያለ ባለ ዩኒፎርም አልነበረም።

ከወራት በኋላ አያ ሰይድ ለንግድ ገዳሪፍ መጡ። እናቴ ያለችውን በቃል ይዘው ነው የመጡት፤ ወረቀት ኬላ ላይ ያሲዛል። ጣሪያ የሌለው ቤቴ ተቀምጠው፣ አይናቸውን ከእኔ እያሸሹ ነገሩኝ።

«እናትህ፣ ‹ያችን ቃል ቢላት ኖሮ ይመለስልኝ ነበር ወይ? አንተ ተምረሃል፤ ቁርጡን ንገረኝ› ብላለች።»

«ያሏትስ ምን ሆኑ፣ አያ?»

«ከፊሎቹ ቤታቸው ናቸው። ከፊሎቹን ያችኑ የፈረሟትን አንብበውባቸው ወሰዷቸው።»

 ሕጉን አውቃለሁ፤ ይህን ግን የሚነግር መጽሐፍ በወንድሜ ቦርሳ ውስጥ አልነበረም።

«ምን ብዬ ልንገራት?» አሉኝ ሊነሡ ሲሉ።

«አያ ፈንቴ አሁንም ገበያ ይወጣሉ?»

«ይወጣሉ እንጂ። ባለፈው ለእናትህ ጤፍ አራግፈውላት ሄዱ። አህያቸውን አይቼ ‹ይቺስ የማን ናት?› ብላቸው፣ ‹ጠበቃዬ በሌለበት አልመልስም› አሉኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን።

«እንግዲያው አያ ፈንቴ ሰላም ናቸው ይበሏት» አልሁ። ለጠየቀችኝ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሳቸውም አውቀው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት እታለም በሬን አንኳኳች። «ተነስ፤ ከሻ ነበር። ከሳንጃ የመጡ ልጆች አፍሰዋል፤ አንዱ ገና ዐረብኛ አልጀመረም» አለችኝ፤ ከሻ የሚሉት የስደተኛ አፈሳን ነው። የወንድሜን ጫማ አወጣሁ። በአንድ ቁጥር ይበልጠኛል፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበትና አደረግሁት። ጎንበስ ብዬ በመሃረብ ጠረግሁት።

ጣቢያው ስደርስ ልጁ አግዳሚው ላይ ነው። ሻዊሹ ሌላ፣ አዲስ ሰው ነው። ወረቀቱ ተዘርግቷል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በአማርኛ፣ «አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ» ይላል፤ አውራ ጣቱ ቀለም ነክቷል።

«ጣትህን አንሳ!» አልሁት ከበሩ።

አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። እታለም ከኋላዬ ቆመች። ሻዊሹን ቀና ብዬ አየሁትና፣ «ይህ ልጅ የተያዘው በምንድን ነው?» ብዬ በተሰባበረ ዐረብኛ ጠየቅሁ።