ሚዛን ያዥዋ ይርጋነሽና የአገሬ ልጅ

ይርጋነሽን ሞጣ ጤና ጣቢያ የቀጠሯት ወለል እንድትጠርግ ነበር፤ ሕፃን መዝኚ ብሎ ያዘዛት ማንም የለም። ነገሩ በራሱ ጊዜ መጣ። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ አቶ ገላው ሕፃን ከሚዛኑ በተንጠለጠለው ጨርቅ ውስጥ ባስቀመጠ ቁጥር ሕፃኑ ጣራው እስኪነቀል ይጮሃል፤ እናትየው ትደናገጣለች፤ ሚዛኑ ይወዛወዛል፤ አቶ ገላው ደግሞ ቁጥሩን ማንበብ አቅቶት በላብ ይጠመቃል። አንድ ቀን ይርጋነሽ ይህን ማየት መረራትና መጥረጊያዋን ጥላ፣ ልጁን ከእጁ ተቀብላ፣ በምላሷ ቀጭ ቀጭ እያደረገች በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገችው። ልጁ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውም ሚዛኑም የሷ ሆኑ።

ይህ የሆነው በ1951 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት በከተማው ተወልዶ በይርጋነሽ እጅ ሳያልፍ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። እሷ ራሷ አልወለደችም። ቢቸና ሳለች ሁለት ባል አግብታ ነበር፤ ሁለቱንም በምላሷ ነው ያባረረቻቸው ይላል ሰፈሩ። እሷም ይህን ስትሰማ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጥፋቴ መዘግየቴ ነው ትላለች።

ምላሷስ ምላስ ነበር። እናቶቹን ትቆጣለች፤ ድሬሰሩን ትቆጣለች፤ መርፌው ከዶለዶመ፣ ሚዛኑ ከዘገየ እነሱንም ትቆጣለች። ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን የሚያሳርራት ግን አንድ ነገር ነበር። እናቶቹ ልጃቸውን አስመዝነው ስንት ገባ ብለው ይጠይቃሉ፤ አቶ ገላው ቁጥሩን ይጽፍና "ኖርማል" ይላል፤ አለቀ። ልጁ ሰው ያያል ወይ? ይስቃል ወይ? የሰጡትን ይጨብጣል ወይ? ጠያቂ የለም። ለፋሲካ በግ የሚያደልቡ ነው የሚመስሉት።

በ1957 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አገሬ የምትባል እናት ልጇን ይዛ መጣች። አገሬም የቢቸና ልጅ ናት፤ ይርጋነሽ ጡት ሳትጥል ጀምሮ ታውቃታለች። ሞጣ የመጣችው ወልደ ኪዳን የሚባል፣ የቅኔ ትምህርቱን ትቶ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የገባ ሰው አግብታ ነው። ከይርጋነሽ ቤት ሦስት አጥር አልፋ ትኖራለች። ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ የመጀመሪያውን በአራት ወሩ፣ ሁለተኛይቱን በስድስት ወሯ። አሁን የያዘችው ሦስተኛውን፣ ከሰው ዓይን ተደብቆ የከረመውን የሰባት ወሩን ቢሆነኝን ነበር።

ልጁ ወፍራም ነው። ሚዛኑ ውስጥ ሲገባ አላለቀሰም። ይርጋነሽ ቀጭ ቀጭ አለችለት፤ አላያትም። አፍንጫውን ነካችው፤ አልሳቀም። ጣቷን መዳፉ ላይ ብታደርግለት አልጨበጠም፤ አንገቱ እንኳ እንደ ሁለት ወር ልጅ ይዋልላል። ጆሮው አጠገብ ስታጨበጭብ ግን ዓይኑን አርገበገበ፤ ይሰማል ማለት ነው። መብራት ወዳለበትም ይዞራል፤ ያያል ማለት ነው። አቶ ገላው እንደ ልማዱ "ኖርማል" አለ። ምኑ ነው ኖርማሉ ብላ አፈጠጠችበት። እሱም በእስክሪብቶው ቁጥሩን አሳያትና ቀጣዩን ጠራ።

ይርጋነሽ ያን ዕለት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አገሬ ቤት ሄደች፤ ሳይጠሯት መግባት ልማዷ ነው። ልጁን ጓዳ ውስጥ፣ ጨለማው ላይ፣ እጅና እግሩ ተጠቅልሎ በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ጥቂት ቆይቶ ሲነጫነጭ እናቱ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ሳብ አደረገችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አጠባችው። ሲጠግብ መልሳ አስተኛችው። ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም።

ይርጋነሽ ምን መሆንሽ ነው ብላ ብትጮህባት አገሬ እያፈረች ነገረቻት። ሁለቱን የወሰደባት ሾተላይ ነው። አማቷ እመት ወለተ ሐና አዋቂ ጠይቀው፣ ይህኛው እንዲተርፍ ከተፈለገ ዓመት እስኪሞላው ፊቱን አትይ፣ አትሳቂለት፣ ስሙን አትጥሪው ተብላለች። ሾተላይ የሚወስደው እናት የሳሳችለትን ነው፤ ያልሳሳችለትን የሷ መሆኑን አያውቅም። አገሬም ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳትስት ትእዛዙን ጠብቃለች።

ይርጋነሽ ሾተላይ የለም የምትል ሴት አልነበረችም፤ ቢቸና ተወልዳ ይህን ልትል አትችልም። ቢሆንም ደሟ ፈላ። "ሾተላዩ ቢተወው አንቺ ወሰድሽው እኮ፣ ልጄ" አለቻት።

የባሰው ደግሞ ከዚህ በኋላ የሰማችው ነው። እመት ወለተ ሐና አሁን ልጁ ፈዛዛ ነው ማለት ጀምረዋል። ከዚህች ማኅፀን ሁለቱ ሞቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎደሎ ሆነ ብለው ለወልደ ኪዳን ግንደወይን ላይ ልጃገረድ አይተውለታል። አስተርዮ ማርያም በዋለች ማግስት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ልጁ ያን ጊዜም እንዲሁ ከሆነ አገሬ ልጇን አዝላ ቢቸና አባቷ ቤት ትመለሳለች። ወልደ ኪዳንስ ምን ይላል ብላ ይርጋነሽ ጠየቀች። ምንም አይልም። ቀን ፍርድ ቤት ሲጽፍ ይውላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ዝም ይላል። ይርጋነሽ በማን እንደምትናደድ ቸገራት። ልጁን አትይው ያሉት አማትየዋ ናቸው፤ ሰው ሳያይ ስላደገ ምራታቸውን ሊሰዱ የተነሡትም እሳቸው ናቸው፤ መካከል ላይ የተቀመጠው ባል ደግሞ ግድግዳ ነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ከሰዓት በኋላዋን በሙሉ ለልጁ ሰጠች። መጀመሪያ ጥቅልሉን ፈታችው። ከዚያ አጎዛውን ከአልጋው ላይ አንሥታ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ከሚደርስበት፣ አነጠፈችና ልጁን በሆዱ አስተኛችው። ልጁ አፍንጫውን የአጎዛው ጠጉር ላይ ደፍቶ አለቀሰ። አገሬ ልታነሣው ስትንደረደር ይርጋነሽ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት። ከፊቱ ቀይ ክር የተጠቀለለበት ልቃቂት አስቀመጠችና እሷም መሬቱ ላይ በሆዷ ተኛች፤ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ በጤና ጣቢያ ካፖርቷ። በአራተኛው ቀን ልጁ አንገቱን ቀና አደረገ። በሁለተኛው ሳምንት በክርኑ ተደግፎ ልቃቂቱን አየው።

ትንሽ ቅል ውስጥ ሽምብራ ጨምራ አፉን በሰም ደፈነችለት። በቀኝ ታንሿሿዋለች፣ በግራ ታንሿሿዋለች፤ ዓይኑ መከተል ጀመረ። ቀጥሎ እጁ ተከተለ። ቅሉን በጨበጠ ቀን ወዲያው ወደ አፉ ወሰደው፤ አገሬ ቆሻሻ ነው ብላ ደነገጠች፤ ይርጋነሽ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ያልቀመሰውን ዓለም ይቅመስበት ተይው አለች። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች መዳፉን ትኮረኩረዋለች። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፈረስ እንደሚጋልብ ታዘልለዋለች። ያየውን ሁሉ ስሙን ትነግረዋለች፤ ይህ ዶሮ ነው፣ ይህ አጥር ነው፣ ይቺ ደግሞ ፈሪዋ እናትህ ናት።

ፊቷን በነጠላ ሸፍና ድንገት ብቅ የምትልበት ጨዋታ ግን ብዙ ቀን ፈጀ። ልጁ በተሸፈነው ነጠላ አልተገረመም፤ የተሸፈነ ፊት ለእሱ ብርቁ አይደለም። ብቅ ስትል ነበር የሚደነግጠው። በኅዳር ጽዮን ማግስት ግን ብቅ ስትል በሲቃ መሳይ ድምፅ ሳቀ። ይርጋነሽ ስንቱን ሕፃን አስቃለች፤ ያን ቀን ግን እንባዋ መጣና በራሷ ተናደደች።

ያቃጠላት አገሬ ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ደጃፉ ላይ ቁጭ ትልና ትመለከታለች እንጂ አትጠጋም። ነይ አንቺ አጫውቺው ስትባል፣ ዓመቱ ይሙላ እትዬ፣ አምስት ወር ቀርቶት የለ ትላለች። ስትገደድ ቅሉን ትወስድና ፊቷን ወደ ጎረቤት አጥር አዙራ ታንሿሿለች። ልጁ ቅሉን ያያል፣ የእናቱን ጆሮ ያያል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ይርጋነሽ ይመልሳል። ይርጋነሽ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባት። "ወዲያ ስጪኝ" ትልና ቅሉን ትነጥቃታለች። በመጀመሪያው ወር በቀን አንዴ ነጠቀቻት፤ በሁለተኛው ወር መስጠቱንም ተወችው። አገሬ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ልጁ ከይርጋነሽ ጋር ይቀራል፤ ወፍጮ ስትሄድም ከይርጋነሽ ጋር ይቀራል። ጥር ሲገባ ልጁ ራሱን ችሎ ይቀመጣል፤ የይርጋነሽ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ሲሰማ ገና እጁን ያርገበግባል። እሷም ሥራዋን ጨረስኩ ብላ ኮራች።

አስተርዮ ማርያም በዋለች ማግስት ሽማግሌዎቹ የአገሬ ቤት ተቀመጡ። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሕይወትና ሁለት የሰፈር አዛውንቶች ነበሩ፤ ወልደ ኪዳን አንገቱን ደፍቷል፤ እመት ወለተ ሐና መደቡ ላይ ተሰይመዋል። ይርጋነሽ ማንም ሳይጠራት ልጁን አቅፋ ገባች። አጎዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ተቀመጠ። ቅሉን በቀኝና በግራ አሳየችው፤ ተከተለ፣ ተንጠራርቶም ያዘ። ብቅ ስትልለት ቤቱን በሳቅ ሞላው። አንደኛው አዛውንት ራሳቸውም ሳቁ። አባ ገብረ ሕይወት ይህ ልጅ ምን ጎድሎት ነው የተሰበሰብነው ብለው ጠየቁ። ይርጋነሽ እመት ወለተ ሐናን በድል አየቻቸው።

እመት ወለተ ሐና አልተቆጡም። እስቲ ልጁን ለእናቱ ስጡልኝ አሉ።

አገሬ ነጠላዋን እንደ ሸፈነች ጎንበስ ብላ አነሣችው። ልጁ ወደ ኋላው ተለጥጦ ጮኸ። እጆቹን ወደ ይርጋነሽ ዘርግቶ፣ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ድረስ እሷን እያየ አለቀሰ። አገሬ መልሳ አስቀመጠችው፤ እየዳኸ ለመሄድ ሞክሮ በግንባሩ ተደፋ፤ ይርጋነሽ አነሣችው፤ ዝም አለ።

"ጡት ሲፈልግ ወደሷ ነው፤ ሰው ሲፈልግ ግን ወደ ጎረቤት" አሉ እመት ወለተ ሐና። "ልጁስ ደኅና ነው፤ እናት ግን የለውም።"

 ይርጋነሽ የልጁን ጀርባ መታ መታ አደረገች። ሦስት ወር ሙሉ ከአገሬ እጅ የነጠቀችው ቅል ብቻ እንዳልነበረ አሁን ገባት፤ ገባትና እፍረት አንገበገባት። ልጁ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ይንሰቀሰቃል።

"አትይው ያሉኝ አንቱ ነዎት" አለች አገሬ አማቷን። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወደ ይርጋነሽ ዞረች። "እትዬ፣ ልጄን ያስቀምጡልኝና ይውጡልኝ። አንቱ እያሉ እኔን አያየኝም።"

ይርጋነሽ በንዴት አፏን ከፈተች። ሦስት ወር መሬት ላይ ተኝታ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ ውጪ? ግን ቀና ስትል የአገሬ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ወርዶ አየች። ሙሉ ፊቷን ለልጁ ስታሳይ ያየቻት ያኔ ነው፤ ፊቷም የአሥር ወር ልጅ የፈራ ሰው ፊት ነበር። ይርጋነሽ አፏን ዘጋች። ልጁን አጎዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ነጠላዋን የያዘውን ጣቱን አስለቀቀችውና ወጣች።

ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ልጁ ይጮሃል። ሦስት ጊዜ እግሯ ወደ በሩ ዞረ፤ ሦስት ጊዜ ራሷን እየተሳደበች መለሰችው። ፊቱን እይው እንጂ፣ አነጋግሪው እንጂ እያለች ለአጥሩ ታንሾካሹካለች። ከዚያ የአገሬን ድምፅ ሰማች፤ ቢሆነኝ፣ ቢሆነኝ እያለች ትጠራዋለች፤ ስሙን የምትጠራበት ድምፅ የምትለምን ሰው ድምፅ ነው። ልጁ አለቀሰ፤ ቆይቶ እየተንሰቀሰቀ ዝም አለ፤ ቤቱም ጸጥ አለ።

ብዙ ቆይተው አባ ገብረ ሕይወት ወጡ። ነገሩ ቀርቷል አሏት፤ ወልደ ኪዳን የግንደወይኗን አልፈልግም ብሏል። ይርጋነሽ አሁን ገና ነው አፍ ያወጣው ብላ ተበሳጨች። ልጁ ሳቀላት ወይ ብላ ጠየቀች። አልሳቀም አሉ አባ፤ ጣቱን እናቱ አፍ ውስጥ ከትቶ ፊቷን እያያት ነው።

"እኔንስ ፈለገኝ?" አለች።

አባ ገብረ ሕይወት ማን ብለው ጠየቁ። ማንም አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ በአገሬ አጥር ሥር የምታልፈው ከንፈሯን ነክሳ ነው፤ ልጁ ድምፅዋን ሰምቶ ከእናቱ ላይ ፊቱን እንዳያዞር። የሚተላለፏት ሰዎች ሰላም ሲሏት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ሰፈሩም ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ፣ ይርጋነሽ ምን ነክቷት ነው ዝም ያለችው ይል ነበር።