የጥርስ ዋስ

አሁን ጥርሴ ነጭ ነው። ማታ ማታ አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ብርጭቆውን የምሞላው ከግቢያችን ቧንቧ ነው፤ እስካሁን አልበለዘም። የፊተኛው ጥርሴ ግን በልዞ ነው የበቀለው።

ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው የልደት ወረቀት አያስፈልገውም ነበር፤ አፉን መክፈት ይበቃዋል። ውሃው ማንቆርቆሪያውን ከውስጥ ነጭ ያለብሰዋል፣ የእኛን ጥርስ ቡናማ፤ ለምን እንዲህ እንደሚያዳላ የነገረን የለም። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር ስናሰማ፣ መድረክ ላይ ለተቀመጠው ካድሬ የሚታየው በሙሉ ቡናማ ነበር።

ላገባት የፈለግኳት ልጅ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። እሷ የውሃውን ነገር ታውቃለች። አባቷ ግን አያውቁም፤ ሱስ ያለበትን ሰው ደጃቸውን እንደማያስረግጡም ነግራኛለች። ብልጥ ነኝና ዘዴ ዘየድኩ። ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት ጥርሳቸው ነጭ የሆኑትን ብቻ ነው፤ ማለትም ከጎለመሱ በኋላ ከሌላ አገር የመጡትን። አንዱ ወሎዬ ባለሱቅ ጎረቤቴ፣ ሌላው ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው። አስተዳደጌን አያውቁም፤ ጥርሳቸው ግን ያምራል።

ደብረ ብርሃን አባቷ ቤት ገቡ፣ ቆመው ለመኑ፣ ተቀመጡ ተባሉ። እኔ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ስጠብቅ፣ አባትየው "ልጁን ልየው" ብለው አስጠሩኝ። ከንፈሬን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ለጠየቁኝ ሁሉ አንገቴን እየነቀነቅሁ መለስኩ።

"ቁም ነገረኛ ነው፤ አይገለፍጥም" አሉ።

ባለሱቁ መቻል አቃተው። "ኧረ ጌታው፣ ይሄ እኮ ሰፈሩን በሳቅ የሚገድል ነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። አባትየው ጎንበስ ብለው አፌን አዩ።

"ጫት ነው ሲጋራ?" አሉኝ።

"ውሃ ነው፣ አባባ። የቧንቧ ውሃ። እኛ አገር ውሃው ጥርስ ያበልዛል።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "እናንተስ ምን ትጠጣላችሁ?"

"ያንኑ ውሃ" አለ የወንጂው ሰው፤ መዋሸት አይችልበትም።

"እስቲ ጥርሳችሁን አሳዩኝ።"

አሳዩ። እንደ ወተት። ያማረ ጥርስ እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም።

"ወላሂ ጌታው" አለ ባለሱቁ፣ "ውሃው የሚይዘው በልጅነቱ የጠጣውን ነው። እኛ ጥርሳችንን ካገራችን አብቅለን ነው የመጣን።"

አባትየው ማመናቸውን ያወቅሁት በሚቀጥለው ጥያቄ ነው። "ታዲያ የልጅ ልጆቼስ?"

ልጅቷ ከጓዳ፣ "የዝናብ ውሃ እናጠራቅማለን፣ አባዬ" አለች።

"ዋስ ጥራ" አሉኝ።

"የምን ዋስ?"

"የጥርስ።"

"እኔ አለሁ" አለ ባለሱቁ። ለሰርጋችን የሰጠን ስጦታም ባዶ በርሜል ሆነ።

በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር አቆምነው። ናዝሬት ግን ዝናብም እንደ ስኳሩ በራሽን ነው የሚመጣው። በርሜሉ ሲደርቅ ልጃችን ከቧንቧ ትጠጣለች። አማቴ በየፋሲካው "እስቲ ክፈቺ" ይሏታል፤ የወተት ጥርሷ ነጭ ስለነበር ለዋሱ ሰላምታ ይልኩለታል። ሁለተኛው ጥርሷ ግን ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ። በዚያ ዓመት ዋሱን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷን አፍሽን ገጥመሽ ተቀመጪ ብዬ መከርኳት፤ ሌላ ዘዴ አላውቅማ። እሷ አያቷን በር ላይ ስታይ በሙሉ አፏ ሳቀች።

አገጯን ይዘው አዩ። የሳቸው ጥርስ ያን ጊዜ አብዛኛው ረግፏል።

"ሁሉም ጥርሶቿ አሉ?"

"አሉ፣ አባባ" አልኳቸው።

ወደ ባለሱቁ ዞሩ፤ ጥፋቱን በበርሜሉ ሊያላክክ ጉሮሮውን ጠረገ። "ያንተስ?" አሉት።

"ሁለቱን አምና አስነቀልኩ፣ ጌታው።"

"እንግዲያ ተቀመጥ፤ ዋስትናህ ወርዷል" አሉና ቆሎ አስመጡ። አማቴና ዋሱ ልጅቷ ስትቆረጥም እያዩ ተቀመጡ። እኔም አብሬያት ቆረጠምኩ፤ ያን ጊዜ ጥርሶቼ የራሴ ነበሩ።